አስና ንጉሥ ይዞ የጣለው

ባለፈው ሳምንት መካኒኩን አውቶቡስ ላይ ነበር የተውነው፤ ጉልበቱ ላይ አንድ ጥቅል ደብዳቤ፣ ፊቱ ላይ የሰባት ወር ናፍቆት። ዛሬ ደርሷል። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

አዲስ ለመጣችሁ ልጆቼ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ የተከታተላችሁት ደግሞ ትንሽ ታገሡኝ። ታናሽ ወንድሜ ስፌት ቤት አለው፤ አርባ መኪና ያለበት፣ ኮትና ሱሪ የሚሰፋበት። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ከሱ ጋር ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ እናቷ በልጅነቷ ስላረፈች ሚጡ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የስፌት መኪናዎቹን የሚጠግነው መካኒክና እሷ ተዋደዱ። ወንድሜ ሲሰማ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። በማግስቱ ልጁን የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቀው ወደ ሁለተኛው ስፌት ቤት አዛወረው። «እዚያ ያሉት መኪናዎች አርጅተዋል፤ ሰው ያስፈልጋቸዋል» አለ። መኪናዎቹ ከተገዙ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በደብዳቤ ሆነ። በኔ ስም ይመጣል፤ እኔ ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ሚጡ ክፍል አደርሰዋለሁ። ምን ይጻጻፉ ነበር ብትሉኝ፣ ግማሹ ፍቅር ነው፤ ግማሹ ካርታ።

አትሳቁብኝ። በወንድሜ ቤት ካርታ ቀልድ አይደለም። ገና አንዲት መኪና ብቻ በነበረችን ዘመን፣ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ቴክሳስ የሚባለውን ፖከር በቁልፍ እንጫወት ነበር፤ በሸሚዝና በኮት ቁልፍ። ገንዘብ ስላልነበረን ነው በቁልፍ የጀመርነው፤ ገንዘብ ሲመጣም ቁልፉን አልለወጥነውም። ጨዋታው ለማያውቀው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደለዋል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። የራስህን ከጠረጴዛው ጋር አዋሕደህ ጥንድ ወይም ከጥንድ የሚበልጥ ነገር ትፈልጋለህ። በየመሐሉ ቁልፍ ታስይዛለህ፤ ካማረህ ይዘህ ትቀጥላለህ፤ ካላማረህ ካርታህን ትጥላለህ። እኔ አልጫወትም፣ አዳይ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሳድል ካርታ ሳይሆን እጅ ሳይ ነው የኖርኩት፤ የማን ጣት ደረቀ፣ የማን ትንፋሽ ቆመ።

ወንድሜ ታዲያ «ልጅህን ስጠኝ» ብሎ የመጣን ሁሉ እሁድ አስቀምጦ ያጫውተዋል። ሦስት መጥተዋል። የመጨረሻው የሆቴል ባለቤት ልጅ ነበር፤ መልኩ የሚያምር፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ። አስና ንግሥት ደረሰው፤ አስ ከካርታ ሁሉ የሚበልጠው ነው። ጠረጴዛው ላይ የሱን የሚመስል አንድም አልወጣም፤ ሁለት ሰዎች እየጨመሩበት ነው፤ እሱ ግን ያዘ። ያዘ፣ ያዘ፣ እስከ መጨረሻዋ ቁልፍ። «እንዲህ ያሉ ካርታዎች እንዴት ይጣላሉ?» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ ኮቱን አቀበለው። «መልክ አይተህ የምትይዝ ከሆነ ልጄንም የምትይዛት መልኳን አይተህ ነው» አለው።

ስለዚህ ሚጡ ፈራች። መካኒኳ ሥራው ላይ ጠቢብ ነው፤ ካርታ ላይ ግን አስ ሲያይ ዐይኑ ይፈዛል። በደብዳቤ ታስተምረው ጀመር። የመጀመሪያውን አንብባልኛለች።

«አስና ንግሥት ይዘሃል። ሦስት ሰዎች አብረውህ አሉ። ጠረጴዛው ላይ ሰባት፣ ሰባት፣ አራት ወጣ። አንዱ ጨመረ፤ ሌላው ተከተለው። ምን ታደርጋለህ?»

መልሱ በሳምንቱ መጣ። «እይዛለሁ። አስ እኮ ነው! ደግሞ ንግሥቲቱ አንቺን ትመስላለች።»

ሚጡ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እኔን የሚመስል ሁሉ አያዋጣህም። ትልቅ ካርታ አቻውን ካላገኘ ብቻውን ነው፤ ሁለት ምስኪን ሁለቶች ጥንድ ሆነው ቢመጡ ይበልጡታል። ሦስት ሰው እያለ ደግሞ አንዱ ጋ የሆነ ነገር አይጠፋም። ጣል።»

እንዲህ እያሉ ሰባት ወር አለፈ። «የቀረው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ? እሱም ማስፈራራት የሚወድ ቢሆን?» ይላታል። «ያኔ አስህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ያዝ። የማያስፈራራ ሰው ከጨመረብህ ግን ጣል፤ አባዬ በሕይወቱ በባዶ እጅ አስፈራርቶ አያውቅም» ትለዋለች። አንድ ቀን ራሱ እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ «አሁን ገባኝ። መርፌ ሲጣመም በድምፁ አውቀዋለሁ። ትናንት የገባ ነው፣ ውድ ነው ብዬ ባዝንለት ጨርቁን ሁሉ ይበላዋል። አስና ንጉሥም እንደዚያው ናቸው።»

ሚጡ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ስንት «ውዴ» እና «ሆዴ» ያላስለቀሳትን ልጅ ያቺ መርፌ አስለቀሰቻት።

*

እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ልጅዎን ይስጡኝ» ሊል ገባ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን በሳሙናም አልለቀቀም። ሚጡ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ልጆቼ፣ ሰባት ወር ያልተያዩ ሰዎች አባት ፊት ሲተያዩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዐይናቸው ይደርስና ትኩስ ብረት እንደነካ ጣት ይመለሳል። እኔ ነኝ የተቃጠልኩት።

ጠረጴዛው ላይ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ ወንድሜ፣ ሚጡ፣ መካኒኩና የስፌት ቤቱ ሒሳብ ሹም። ይህ ሒሳብ ሹም ከልጅነታችን ጀምሮ ጓደኛችን ነው፤ ምላሱ አያርፍም።

«እጅህን ታጥበሃል አንተ? ካርታው ዘይት እንዳይሆን» አለው።

«ታጥቤያለሁ ጋሼ» አለ መካኒኩ በትሕትና። «እርስዎ ግን ቀለሙን ሳይታጠቡ ነው የመጡት።»

ሒሳብ ሹሙ ጣቱን አየ፤ እውነትም ሰማያዊ ነው። ሚጡ ከንፈሯን ነከሰች። ወንድሜ አልሳቀም፤ «እትዬ፣ አድይ» አለኝ።

አንድ ሰዓት ተጫወቱ። እኔ ዐይኔ መካኒኩ እጅ ላይ ነው። አስና ጃክ ደረሰው፤ ሁለት ሰው ከፊቱ ሲጨምር አልተሟገተም፣ ጣለ። አስና ንግሥት ደረሰው፤ ጠረጴዛው የማይረባ ሆኖ ሲገለጥ አንዴ አለፈ፣ ሲጨመርበት ጣለ። በሁለት ዘጠኞች ደግሞ ከሒሳብ ሹሙ ግማሹን ቁልፍ ቀማው። ወንድሜ በጨዋታው ስንት ጊዜ ቅንድቡን እንዳነሳ ቆጠርኩ፤ ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ ቅንድቡን ያነሳለት ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ሚጡም አየች። ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ብርሃን መጣ፤ እኔ ግን ያ ብርሃን አስፈራኝ። ደስታ ቶሎ ሲመጣ አላምነውም።

ከዚያ ያቺን እጅ አደልኩ።

ለመካኒኩ አስና ንጉሥ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ አልማዝ። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ያኔ ያየሁት ትንፋሹ ለአንድ አፍታ ሲቆም ብቻ ነው። ጨመረ። ሚጡ ጣለች። ሒሳብ ሹሙ ተከተለ፤ ወንድሜም ተከተለ። ሦስቱን ገለጥኩ፦ ዘጠኝና ስምንት ቀይ ልብ፣ ስድስት ጥቁር አበባ። ሁሉም ሳይጨምሩ አለፉ። አራተኛውን ገለጥኩ፦ አሥር፣ እሱም ቀይ ልብ።

ካርታ ለማታውቁ፦ ይህ ጠረጴዛ ለአስና ለንጉሥ መቃብር ነው። ሰባት የያዘ ሰው ተከታታይ አምስት ሞልቶለታል፤ ሁለት ቀይ ልብ የያዘም አምስት ልብ ሞልቶለታል። አስና ንጉሥ የያዘው ግን ገና ጥንድ እንኳ የለውም።

ወንድሜ ፊቱ ያለውን ቁልፍ ሁሉ በሁለት እጁ ወደ መሐል ገፋ። ሒሳብ ሹሙ «ኧረ እኔ የልጆች አባት ነኝ» ብሎ ካርታውን ወረወረ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ቁልፉን ተወው» አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «የመጣኸው ለቁልፍ አይደለም። አሁን የምታስይዘው ጥያቄህን ነው። ይዘህ ካሸነፍከኝ ልጄ ያንተ ናት፤ አንድ ቃል አልናገርም። ይዘህ ከተሸነፍክ ነገ ጠዋት ወደ ሥራህ ትመለሳለህ፤ ደብዳቤም አይኖርም። ከጣልክ ደግሞ መልሱን ራስህ ሰጥተኸኛል ማለት ነው።»

ሚጡ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ ታየዋለች። ዐይኗ ምን ይል እንደነበር አሁንም ይታየኛል፤ ያዝ፣ ያዝ፣ ያዝ። መካኒኩ አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ ካርታው ተመለሰ፣ ሁለቱን በአውራ ጣቱ ገጠማቸውና ፊታቸውን ደፍቶ ወደ እኔ ገፋቸው።

«ጥያለሁ ጋሼ» አለ።

ወንድሜ ቀስ ብሎ የራሱን ገለበጠ። ጥቁር አራትና ጥቁር ሁለት። ምንም! አንዳች ነገር የሌለው ባዶ እጅ!

«እንዴ!» ብሎ ሒሳብ ሹሙ ተነሣ። «አንተ? በአራትና ሁለት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ እጅ ይዘህ አይቼህ አላውቅም!»

«ምን ነበር የጣልከው?» ብሎ ወንድሜ ጠየቀ። መካኒኩ ሲያመነታ እኔው ገለበጥኳቸው። አስና ንጉሥ።

«ትበልጠው ነበር እኮ!» አለ ሒሳብ ሹሙ። «አንዲት ካርታ ነበር የቀረችው፤ ልጂቱ እጅህ ላይ ነበረች!»

ወንበር ተንቋቋ። ሚጡ ወጥታ ሄደች፤ የበረንዳው በር ከኋላዋ እንደ ተበጠሰ ክር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

*

መካኒኩ ተከተላት። እኔም ተከተልኩ፤ «ምን አገባሽ» የሚለኝ ካለ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

በረንዳው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከታች የስፌት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ያብረቀርቃል። እሁድ ስለሆነ አንድም መኪና አይሰማም።

«አትቅረበኝ» አለችው።

«ሚጡ...»

«ሚጡ አትበለኝ! ብትይዝ ምን ታጣ ነበር? ንገረኝ እስቲ! ብትጥልም ታጣኛለህ፣ ብትሸነፍም ታጣኛለህ። ብትይዝ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረችን። አንዲት! እሷንም ደፈንካት!»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ሒሳቡማ ያዝ ነበር የሚለኝ። ያስተማርሽኝን ሁሉ አስቤዋለሁ። አባትሽ አያስፈራራም፤ ጠረጴዛው መጥፎ ነው፤ እኔ ጋ ምንም የለም። ቁልፍ ቢሆን ድሮ ነው የምጥለው። መያዣ የሆንሽው ግን አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ አንድ ከመቶም ቢሆን ዕድል ካለ ይያዛል። ይህን ሁሉ አስቤ ነው የጣልኩት።»

«ፈርተህ ነው!»

«ፈርቼ ነው» አለ። እንዲህ በግልጽ ይላል ብላ አልጠበቀችም፤ ዞረች። «ማሸነፍን ፈርቼ። ባሸንፍስ? አባትሽ እነዚያን ቁልፎች እንደሚገፋልኝ አንቺንም ይገፋልኝ ነበር። የዛሬ አሥር ዓመት ምሳ ላይ ተቀምጠን ሰው 'እንዴት ተጋባችሁ' ቢለን ምን እንለዋለን? 'አምስተኛዋ ካርታ ጥሩ ወጣች' እንበለው? ካርታውን ጣልኩ ሚጡ። አንቺን ጠረጴዛው ላይ ማን እንዳስቀመጠሽ አላውቅም፤ እኔ ግን አላስቀመጥኩሽም።»

የበረንዳውን ብረት ጨበጠች።

«ሰባት ወር ሙሉ ጣል፣ ጣል እያልኩ አስተማርኩህ» አለች። «ዛሬ ግን... ዛሬ እንደ ሞኝ እንድትይዝ ፈለግሁ። ለኔ ስትል አንዴ ሒሳቡ እንዲጠፋብህ ፈለግሁ። አስና ንጉሥ አይተህ እንደ ድሮው ዐይንህ እንዲፈዝ።»

«ዐይኔማ ፈዝዞ ነበር» አለ። «አንቺን ሳይ።»

እዚህ ላይ ልጆቼ፣ ፊቴን ወደ ጣሪያው አዞርኩ። ሳቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ ሲመጣ ሰማሁ። እጁ እንኳ አልነካትም፤ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው፣ እሷ መሐረብ አጥታ በእጅጌዋ ስትጠርግ፣ እሱ የሱን ከኪሱ አውጥቶ ዘይት እንዳለበት አይቶ መልሶ ሲከት። ስንት የሠርግ ቤት ገብቻለሁ፤ እንደዚያች ክንድ ርቀት ያለ መቀራረብ አላየሁም።

*

ተመልሰን ስንገባ ወንድሜ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ሁለቱ ትንንሽ ካርታዎች እንደተገለጡ ናቸው።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ መናገር ነበረብኝ። «አንተ» አልኩት፣ «በባዶ እጅ ማስፈራራት መቼ ጀመርክ?»

«ዛሬ» አለ።

«የሚያስፈራራ ሰው የፈራ ነው። ምን ፈራህ?»

ሚጡን እያየ ለራሱ ተናገረ። «ሦስቱ ሲመጡ እንደሚወድቁ አውቅ ነበር። ይሄ ግን እየጣለ፣ እየጣለ... አንዴም አልተሳሳተም። ይዟት ሊሄድ ነው አልኩ።» እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ሠላሳ ዓመት ያየሁት እጅ አራትና ሁለቱን ደፋቸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ።

ሚጡ ጠረጴዛውን ዞራ ፊቱ ቆመች። መካኒኩ በሩ ላይ ቀረ።

«አባዬ» አለች። «እሱ ጠየቀህ፣ አንተ ካርታ አሳየኸው። አሁን የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ከዚህ ሰው ጋር መኖር እፈልጋለሁ።»

«እምቢ ብልሽስ?»

«እያለቀስኩ እሄዳለሁ።»

«እሺ ብልሽስ?»

«ያኔም እያለቀስኩ ነው የምሄደው።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አያት። ሒሳብ ሹሙ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ የተበተኑትን ቁልፎች መሰብሰብ ጀመርኩ። ከዚህ በፊት አንዲት ሠራተኛ በስፌት መኪና ጣቷን ወጋች ሲሉት፣ ባንክ ብድር ከለከለን ሲሉት፣ ሚስቱ አረፈች ሲሉት እንኳ እንዲህ ሲሸነፍ አላየሁትም።

«ለቅሶሽ በሁለቱም ካልቀረ» አለ በመጨረሻ፣ «እሺ ብዬሽ አልቅሺ።»

ሚጡ የሮጠችው ወደ በሩ አልነበረም። አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ እንደ አምስት ዓመት ልጅ ድምፅ አውጥታ አነባች፤ እሱም መዳፉን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ዐይኑን ጨፈነ። ያኔ ነው ያየሁት። ሠላሳ ዓመት የሰው እጅ ስመለከት የወንድሜን ፊት ሳላየው ኖሬያለሁ፤ ታናሼ አርጅቷል።

መካኒኩ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰም። ግባ ያለው የለም፤ እሱም ለመግባት አልቸኮለም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ልጅና አባት እስኪጠግቡ ቆሞ ይጠብቃል። ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ አልጠረገውም። እኔም የኔን አልጠረግሁም። አንዳንድ እንባ አለ ልጆቼ፣ ሐዘን ይሁን ደስታ ሳትጠይቁት ዝም ብላችሁ የምታወርዱት።